የኢርኮ ትርጉም

«እናቴ፣ ቤት ተሳስተዋል። እዚህ ኢርኮ የሚባል ሰው አልሞተም» አሉ አቶ ተድላ። ይህን ያሉት ከለቅሶው ድንኳን በር ላይ ቆመው፣ አንድ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው፣ በሌላው ማሳ የገባ ከብት እንደሚመልስ ሰው እየከለከሉ ነው። ሴትዮዋ ከሰሜኑ ደጋ፣ ከጎጆ ከተማ በኩል የመጣች ደገኛ መሆኗ ካለባበሷ ያስታውቃል። ነጠላዋ ላይ ደበሎ ደርባለች፣ የማር ቅል አዝላለች፤ ድንኳኑን ገና ከሩቅ ስታይ ነው «ኢርኮ ኮ፣ ኢርኮ ኮ» እያለች ደረቷን መምታት የጀመረችው። ኢርኮ በኦሮምኛ ድጋፍ፣ መደገፊያ፣ ኮ ደግሞ የኔ ማለት ነው፤ ኢርኮ የሰው ስምም ይሆናል። አቶ ተድላ የእድራችን ዳኛ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በአውራጃው ጽሕፈት ቤት መዝገብ ቤት የፈጁ ሰው ስለሆኑ «አላውቅም» ማለት ሥራ መልቀቅ ይመስላቸዋል። ትንሽ አሰቡና፣ «ከሁሉቃ ወንዝ ማዶ ሌላ ድንኳን አይቻለሁ፤ የርስዎ ኢርኮ እዚያ ይሆናል» ብለው ፈረዱ። እዚያ ማን እንደሞተ ግን አልጠየቁም። ከዚያ ወደኔ ዞረው፣ «ሞቱማ፣ አንተ ቋንቋቸውን ትችላለህ፣ አድርሳት» አሉኝ። ቋንቋቸውን! ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ላይ በበግ ዋጋ ሲከራከሩ ኦሮምኛው ከኔ ይልቅ ለሳቸው ይቀናቸዋል፤ ድንኳን ሥር ሲቀመጡ ነው የሚጠፋባቸው። የሟች ባለቤት እትዬ መንበረ ከበሩ አጠገብ ምንጣፍ ላይ ነበሩ፤ ሴትዮዋ ስትጮኽ ቀና አሉ፣ አዩዋት፣ ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ ጣሉ። እኔም ሐዘን ነው ብዬ አለፍኩት።

ሟቹ መምህር ደግፌ ናቸው። ጣሊያን በወጣ ማግስት አምቦ መጥተው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ጠዋት አማርኛ አስተማሩን፣ ከሰዓት ፊሽካ አንጠልጥለው እግር ኳስ አሠለጠኑን። አማርኛቸው ለጉድ ነበር። የቡልጋ ሰው ነኝ ይሉ ስለነበር ቡልጋ ማለት ሰው ከእናቱ ሆድ ግሥ እያረባ የሚወለድበት አገር ይመስለኝ ነበር። ሌላው አስተማሪ የኦሮሞ ልጅ ሲመጣለት አፉ ላይ የመጣውን ስም ይለጥፍበታል፤ እሳቸው ግን የቋንቋ ሰው ናቸውና ይተረጉሙ ነበር። «ፈይሳ የሚፈውስ ማለት ነው፤ ስለዚህ ፈውሴ ትባላለህ። ሞቱማ መንግሥት ነው፤ አንተ መንግሥቱ ነህ።» ቱፋ ሲመጣ ትርጉሙ ቸገራቸውና ስንት ቀን ሲያሰላስሉ ሰንብተው ተፈራ አሉት፤ ቢያንስ ፊደሉ ይቀራረባል። አባቴ ስሜን የሰሙ ዕለት ትምህርት ቤት ድረስ መጥተው፣ «የኔ ልጅ ሞቶ ነው ሌላ የምትጠሩት?» ብለው ጠየቁ። መምህር ደግፌም በጨዋ አማርኛ አስረዷቸው፤ አባቴ አማርኛ ስለማይሰሙ ነገሩ በሰላም አለቀ። በኋላ በሃምሳ ሦስቱ የመፈንቅለ መንግሥት ግርግር መሪው ሞክሼዬ ሆኖ መንግሥቱ መባል ራሱ ጤና ሲነሣኝ ወደ ሞቱማ ተመለስኩ፤ የልብስ ስፌት ቤቴም ላይ ይኸው ነው የተጻፈው። ለነገሩ ምን ይገርማል፤ ከተማችን ራሷ በማኅተም ሀገረ ሕይወት ናት፣ ባፍ አምቦ። ደብዳቤ የሚደርሳት በአንዱ ስሟ ነው፣ ሰው የሚመጣባት በሌላው።

ክፍል ውስጥ ኦሮምኛ ያመለጠው ልጅ ሰሌዳ ሥር ተንበርክኮ «ሄደ» የሚለውን ግሥ ከእኔ እስከ እነርሱ ያረባታል። ጉልበታችን የተላጠው በኳስ ብቻ አይደለም። ታዲያ ያው ሰውዬ ሜዳ ላይ ሌላ ሰው ነበሩ፤ ስማችንን ከነትርጉሙ ክፍል ውስጥ ቆልፈውበት ይመጡ ነበር። እኔ በረኛ ነበርኩ፣ ፈይሳ አጥቂ፣ ቱፋ ተከላካይ። አንድ ጊዜ ከጊንጪ ልጆች ጋር ስንጋጠም ከአዲስ አበባ የትምህርት ተቆጣጣሪ መጥቶ አጠገባቸው ተቀመጠ። መምህር ደግፌም ከረባታቸውን አስተካክለው «ተፈራ! ፈውሴ! መንግሥቱ!» እያሉ መጣራት ያዙ። ማን ይዙር? በሩጫ መሀል ሰው የሚሰማው የናቱን ጥሪ ነው። ጎል ገባብን፣ ተደገመብን። ከዕረፍት በኋላ መምህር ደግፌ ኮታቸውን አወለቁ። ቱፋ ኳስ ይዞ ሲያንቀላፋ የጊንጪ ልጅ ከኋላው መጣበት፤ ያኔ ባላቸው ጉሮሮ «ቱፋ! ዱባ ኬ!» ብለው ጮኹ። ከኋላህ ማለት ነው። ቱፋ ዞረ፣ አዳነ። ከዚያ በኋላ ሜዳው ዱባ በዱባ ሆነ፤ አሸነፍን። ተቆጣጣሪው ግራ ገብቶት፣ «መምህር፣ ዱባው ምንድን ነው?» ቢላቸው፣ «ቃል ገብቼላቸዋለሁ ጌታዬ፤ ካሸነፉ ዱባ ወጥ አለ» አሉት። በሪፖርቱ ላይ «አሠልጣኙ ለተማሪዎች ምግብ ያስባሉ» ብሎ አመሰገናቸው ተባለ። እኛ ግን ወጡን እስከ ዛሬ አልቀመስነውም። ከዚያ ወዲህ በየጓሮው «መምህር ዱባ» ብለናቸው ቀረን፤ እንወዳቸው ነበር፣ ምን እናድርግ። ያ ቡልጌ ያን የመሰለ ኦሮምኛ ከየት እንዳመጣው ግን አንዳችንም አልጠየቅንም። የተማረ ሰው ሁሉን ያውቃል ብለን ነው።

ወደ ድልድዩ ስንወርድ ሴትዮዋ ለቅሶዋን ገታ አድርጋ ትከተለኛለች። የምናወራው በኦሮምኛ ነው። «የናንተ ሟች ኳስ ያስተምር ነበር?» አለችኝ። ያስተምሩ ነበር አልኳት። «ፊሽካ ይነፋል?» ይነፋሉ አልኩ። «እንግዲያ ቤት አልተሳሳትኩም» አለች። «ታናሽ ወንድሜ ነው። ደግፌ የምትሉት እናንተ ናችሁ፤ አባታችን ያሉት ኢርኮ ነው። እኔ ዲንቂቱ እባላለሁ፣ እናታችን ስትሞት በጀርባዬ ያሳደግኩት እኔ ነኝ።»

የድልድዩን ብረት ያዝኩ። ኢርኮ ድጋፍ ነው፤ ድጋፍ ደግሞ ደግፌ። ሞቱማ መንግሥቱ እንደሆነው ማለት ነው። ለካ መምህሬ በኛ ላይ የተካኑትን ትርጉም መጀመሪያ የሞከሩት በራሳቸው ላይ ነው! ከዚህች ሰዓት ጀምሮ ሴትዮዋን አንቱ እላቸዋለሁ፤ ቀድሞም ማለት ነበረብኝ፣ ግን ደበሎ የለበሰ ሰው አምቦ ውስጥ አንቱ እስኪባል ጊዜ ይፈጃል። ብዙ ነገር ባንድ ጊዜ ገባኝ። መምህር ደግፌ የቡልጋን ብርድ ሲያወሩ ያንቀጠቅጡን ነበር፤ ብርዱ የእውነት ነው፣ የጎጆ ብርድ ነው፣ አድራሻውን ብቻ ነው የቀየሩት። በያመቱ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ወንጪ ጠበል ልጠመቅ ብለው ይወጣሉ። ወንጪ በስተደቡብ ነው፤ እሳቸው ግን ሲመለሱ ሁልጊዜ በሰሜን በኩል፣ የደገኛ ድንች በጫነ መኪና ነበር። ጂኦግራፊ ስለማያስተምሩ ማንም አልታዘባቸውም።

«እንመለስ፣ እኔ እነግራቸዋለሁ» አልኳቸው። አዴ ዲንቂቱ፣ እትዬ ዲንቂቱ እንደ ማለት ነው፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔ ሳልጠራሽ አምቦ አትምጪ ብሎኛል። አልጠራኝም። ታመመ ሲሉኝ ግን ማር ይዤ ወጣሁ፤ እንዲህ ይሆናል ብዬ መች አሰብኩ። አሁን ድንኳን ገብቼ እኅቱ ነኝ፣ እኅቱ ነኝ ብል የለማኝ ነገር ነው የሚሆነው። ከነሱ አፍ ይውጣ። ሲቀበር እኅት አለችው ብሎ አንድ ሰው አፉን ሞልቶ ይናገር፣ ሌላ ምንም አልፈልግም። እስከዚያ የሚያስለቅስ ቤት ውሰደኝ፤ ያኛው ቤት አያስለቅስም።» እውነታቸውን ነው። እኛ ድንኳን ውስጥ ሰው ስለ ድንች ዋጋና ስለ አዲሱ የአውራጃ ገዥ ነበር የሚያወራው፤ አዲስ ለቀስተኛ ሲመጣ ብቻ ፊቱን ያጠቁራል።

ከሁሉቃ ማዶ የሞቱት እማማ አመለሸጋ ናቸው፣ የገበያ ጌሾ ቸርቻሪዋ። ቤታቸው አንድ ክፍል የጭቃ ቤት ናት፤ ግድግዳው ላይ ካለፈው ዓመት የተረፈ የቀን መቁጠሪያ አለ፤ ድንኳን የተባለውም ሁለት የእህል ሸራ ተሰፍቶ የተወጠረ ነው፣ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ልጃቸው አሰፋ በር ላይ ተቀበለን። እያፈርኩ ነገሩን ነገርኩት፤ እኚህ ሴት ወንድማቸው ሞቶባቸዋል፣ ወደዚህ የላኳቸው በስሕተት ነው አልኩት። አሰፋም፣ «ለቅሶ ደግሞ ምን መሳሳት አለው? ይግቡ፣ ኸረ ይግቡ» ብሎ ቅሉን ከጀርባቸው አወረደላቸው። እኅቶቹ መሀላቸው አስቀመጧቸው። አዴ ዲንቂቱ «ኢርኮ ኮ» ብለው ሲጀምሩ ሴቶቹ ተቀበሏቸው፤ እነሱ ስም መሆኑን አያውቁም፣ «መደገፊያዬ» እያሉ ነው የመሰላቸው። እናታቸውስ መደገፊያ አልነበሩም? ከዳር እስከ ዳር ቤቱ «ኢርኮ ኮ» ሆነ። መምህሬ ሰማንያ ልጅ ሲተረጉሙ ኖረው በስማቸው ከልቡ የተለቀሰው በአንዲት ጌሾ ሻጭ ቤት ነው። እኔም ለጉድ አለቀስኩ፤ የማን እንደሆነ ራሴም አላውቅም፣ እማማ አመለሸጋ በዱቤ ጌሾ ይሰጡኝ ነበር፣ የሳቸውም ይሆናል። አዴ ዲንቂቱ ማሩን ለቤቱ ሰጡና ነጠላቸውን አገልድመው ከሴቶቹ ጋር ዋሉ።

እኔ ወደኛ ድንኳን ተመለስኩ። አቶ ተድላ ለብቻቸው ወንበር ይዘው የሟችን የሕይወት ታሪክ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ያጠናሉ። ጠጋ ብዬ፣ «ጋሼ ተድላ፣ እኚያ ሴትዮ የመምህር እኅት ናቸው፤ በእናትም በአባትም አንድ ናቸው» አልኳቸው። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ።

«የሕይወት ታሪኩ ተጽፎ አልቋል እኮ።»

«ይጨመርበታ፣ ጋሼ።»

«በጽሕፈት መኪና ተመትቷል እልሃለሁ፣ በካርቦን። ደግሞስ ሰው ሲሞት ዘመድ ይበዛል፤ ስንቱን አያለሁ በዚህ ሥራ። መምህር ደግፌ የቡልጋ ሰው ናቸው፤ ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ።»

የማያልቅባቸው ሰው ናቸው አቶ ተድላ። ሰውየው የነገሯቸው በአፋቸው ነው፤ እሳቸው የጻፉት በወረቀት ነው፤ በወረቀት የተጻፈ ደግሞ ከእናት ማሕፀን ይበልጣል። እትዬ መንበረን ልጠይቃቸው አሰብኩና ተውኩት። የአባታቸው ቤት ስንት ነፍጥ የተሰቀለበት ቤት ነው፤ መምህር ደግፌም ሲያገቧቸው እስከ ሰባት ቤት ተጠይቀው፣ ሰባቱንም ያለ ስሕተት ቆጥረዋል ይባላል። አሁን ሳስበው ሰባቱን የደረሷቸው ራሳቸው መሆን አለባቸው። ጎበዝ ደራሲ ነበሩ።

ከሰዓት በኋላ ሁለቱም ሬሳ ቤተ ክርስቲያን ደረሰ። የኛው ሹራብ በለበሱ ተማሪዎች ታጅቦ፣ በአበባ ጉንጉን፣ በእድር ጥላ መጣ፤ የእማማ አመለሸጋ በአራት ሰው ትከሻ መጥቶ ከግቢው ወዲያኛው ጥግ፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር አረፈ። ፈይሳና ቱፋ ኮት ለብሰው ከሬሳው ራስጌ ቆመዋል። እትዬ መንበረ ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ። አዴ ዲንቂቱ ከአሰፋ ሰዎች ተለይተው ቀስ ብለው መጡና አጠገቤ ቆሙ። የመጡት ያቺን አንዲት ቃል ለመስማት ነው፤ እኔም አውቄዋለሁ።

አቶ ተድላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «መምህር ደግፌ በተጉለትና ቡልጋ አውራጃ ከታወቁ ቤተሰብ ተወልደው፣ ፊደል በሦስት ወር ለይተው፣ ዳዊት በዓመት ደግመው…» እያሉ ሄዱ። ቡልጋ ራሷ ብትሰማ ትደነግጥ ነበር። ስለ አማርኛ ትምህርት አንድ ገጽ ሙሉ አነበቡ፤ ስለ ኳስ፣ «አካል ማጎልመሻንም ደርበው ሠርተዋል» ብለው በግማሽ መስመር ጨረሱት። ዱባ የለ፣ ጊንጪ የለ፣ ሜዳ የለ። ከዚያ ወደ ቤተሰብ ዘለቁ፤ አዴ ዲንቂቱ አማርኛውን ባይሰሙትም ከሰው ፊት ገብቷቸው ክንዴን ያዙኝ። «ሟች ለወላጆቻቸው አንድ ልጅ ስለነበሩ» አሉ አቶ ተድላ ድምፃቸውን አሳዝነው፣ «እኅትም ወንድምም የላቸውም።»

«ምን አለ?» አሉኝ አዴ ዲንቂቱ በኦሮምኛ።

መምህር ደግፌ በረኛ ሳለሁ አንድ ነገር ነበር የሚነግሩኝ፤ ኳስ ሲመጣ ካሰብክ ገባብህ። አላሰብኩም። «ጎጆ ላይ ዲንቂቱ የምትባል ታላቅ እኅት አለቻቸው፣ በጀርባዋ ያሳደገቻቸው እሷ ናት፣ ነው የሚለው» አልኳቸው። ክፍል ውስጥ ቢሆን ለዚህ ትርጉም ዜሮ ነበር የማገኘው። ዛሬም ብጠየቅ ግን ያንኑ ነው የምተረጉመው።

አዴ ዲንቂቱ ክንዴን ለቀቁኝ። ፊታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ፣ ደበሏቸውን አስተካከሉ፣ እንደ ተጠራ ሰው ሕዝቡን መሀል ለመሀል አልፈው ሄዱና ከሬሳው እግርጌ ተንበረከኩ። ለምን አይሄዱ? በሕዝብ ፊት ተነግሮላቸዋል። ጉርምርምታ ተነሣ። አቶ ተድላ ማንበቡን አቁመው፣ «እናቴ፣ ምን ሆነው ነው? ሐዘንተኛውን ባይረብሹት» ብለው ሁለት ጎረምሶች ጠቀሱ። ጎረምሶቹ ተንቀሳቀሱ፣ እኔም ተንቀሳቀስኩ፣ ቱፋም ነገሩ ሳይገባው ተንቀሳቀሰ፤ ያኔ እትዬ መንበረ ነጠላቸውን ከዓይናቸው ገለጡ።

«ሌታን ፈዬ?» አሉ።

ሌታ ዳነ ወይ ማለት ነው። የተናገሩት ገበያ ላይ በግ እንደሚጠይቅ ሰው አይደለም፤ ወጥ ቀመስሽ ወይ እንደሚል ሰው፣ በለሰለሰ፣ ቤት በዋለ ኦሮምኛ ነው። የአቶ ተድላ ወረቀት አየር ላይ ቀረ። ሌታ ማን እንደሆነ አምቦ ውስጥ የሚያውቅ የለም።

«ፈዬራ» አሉ አዴ ዲንቂቱ። ድኗል። «ልጄ ድኗል። የላክሽለት መድኃኒት ደርሶናል፣ እግዜር ይስጥሽ።»

እንግዲህ ጉድ በል። እኛን ላንዲት ቃል ጉልበታችን እስኪላጥ ያንበረከኩን ሰው ማታ በር ሲዘጋ ከሚስታቸው ጋር የሚያወሩት በዚያችው ቋንቋ ኖሯል። እትዬ መንበረም ያን ሁሉ ዓመት ስሙን ያውቃሉ፣ አገሩን ያውቃሉ፣ ሌታን ያውቃሉ፣ መድኃኒት ይልካሉ፤ ጠዋት ደግሞ አዴ ዲንቂቱ ከድንኳን በር ሲመለሱ ዓይናቸውን ይሸፍናሉ። ተናደድኩ። ሬሳ ባይኖር ኖሮ መምህሬንም እሳቸውንም ባንድ ላይ እሰድብ ነበር።

«ጠዋት አላየሽኝም እንዴ?» አሉ አዴ ዲንቂቱ፤ ቁጣ የለበትም፣ ጥያቄ ነው።

እትዬ መንበረ ምንጣፉ ላይ ፈቀቅ ብለው አጠገባቸው ቦታ ለቀቁ፣ በመዳፋቸውም መታ መታ አደረጉት፤ ነይ፣ ተቀመጪ ማለታቸው ነው። አዴ ዲንቂቱ አልተቀመጡም። ከተንበረከኩበት ተነሥተው ቆመው ጠበቁ። ምን እንደሚጠብቁ እኔ ነኝ የማውቀው፤ እትዬ መንበረም ያወቁ ይመስለኛል። አፋቸውን ከፈቱ፣ አቶ ተድላን አዩ፣ ወንድሞቻቸውን አዩ፣ ያን ሁሉ የአምቦ ጥቁር ኮት አዩ፤ ከዚያ አፋቸውን መልሰው ዘጉ። ከወዲያኛው ጥግ የአሰፋ እኅቶች ለቅሶ ከፍ አለ፣ እማማ አመለሸጋን ወደ ጉድጓድ እያወረዱ ነው።

አዴ ዲንቂቱ ጎንበስ ብለው ሣጥኑን ሳሙ። ቀና ሲሉ፣ «ለቅሶ ብድር ነው፤ እነዚያ ሰዎች ወንድሜን አልቅሰውልኛል» አሉና ወደ ባሕር ዛፎቹ ሄዱ። ፈይሳ ወደኔ ጠጋ ብሎ ሴትዮዋ ማናት አለኝ። «የአሠልጣኙ እኅት» አልኩት በአማርኛ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርጌ። ማንም ዞሮ አላየኝም። አቶ ተድላ የቀረውን አንብበው ጨረሱ፣ ፍትሐቱ ተደረገ፣ አፈር ተመለሰ። ከዚያ ሰው ለማጽናናት ሲሰለፍ እትዬ መንበረ ከምንጣፉ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ነበር። አንድ ወንድማቸው መጥቶ እዚያች የለቀቋት ቦታ ላይ ሊቀመጥ ሲል በእጃቸው ከለከሉት።